ቀዳዳም ይነበባል

አያ ቢሻው ማረፋቸውን የነገረኝ የበራችን ዘበኛ ነው። ዓርብ ጧት ኮሪደሩን እየወለወልሁ ነበር። «አልጋነሽ፣ ስትጨርሺ ነይ» አለኝና መጠበቁ አቃተው መሰለኝ፣ እዚያው ቆሞ «አያ ቢሻው አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ቁስቋም» አለ። መወልወያውን ይዤ ቀረሁ። መጀመሪያ ያሰብሁትን ብናገር ያሳፍረኛል። አላለቀስሁም። በሆዴ «እንግዲህ የልጄን ወረቀት ማን ያይላታል?» ነው ያልሁት።

ልጄ ትዕግስት፣ ትጌ የምላት፣ እኔው በምሠራበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። እኔ ጽዳት ነኝ። አያ ቢሻው የመዝገብ ቤቱ ሰው ነበሩ። መሥሪያ ቤታችን የገጠር መሬት ነገር የሚመጣበት ነው፤ ከወገራም ከደንቢያም ሰው የአባቱን ማስረጃ ፍለጋ ወደኛ ይወጣል።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ኃላፊያችን ትጌን ጠራት። «የአያ ቢሻውን የሕይወት ታሪክ አንቺ አዘጋጂ፤ ቀብሩም ላይ አንቺው ታነቢዋለሽ። ደግሞ እንዳትቸገሪ፣ በረዳቱ አሠሪው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አላት። ረዳቱ የሚሉት በኮምፒውተሩ መጻፊያ ውስጥ የገባውን፣ ሲያዝዙት ራሱ የሚጽፈውን ነገር ነው። ይኼኔ ነው የፈራሁት። ለምን እንደሆነ እንድትረዱልኝ ከእሳቸው ልጀምር።

አያ ቢሻው ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸው ወደ ግራ ዘንበል ያለ ሰው ነበሩ። የመነጽራቸው አንድ እግር ተሰብሮ በጥቁር ክር ታስሯል። አሮጌ መዝገብ ሊከፍቱ ሲሉ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ለምን ቢሏቸው «ሙታን አሉበት» ነው መልሳቸው። ከኮታቸው ኪስ አንዲት ስንደዶ አትጠፋም፤ ልጅ ፊደል ሲቆጥር የሚያመለክትባት ዓይነት ሣር። በእሷ እያመለከቱ ነው የሚያነቡት። በጣታቸው ወረቀት አይነኩም። «ጣት ላብ አለው፣ ላብ ቀለም ይበላል» ይላሉ።

ያደጉት በቁስቋም የቄስ ትምህርት ቤት ነው። ሸምግለው ደግሞ እኛ መሥሪያ ቤት ነበሩ። መሃል ላይ ስላለው ዘመናቸው ግን አንድም ቀን አልተናገሩም። አንዳንዴ ደፍሬ ስጠይቃቸው «እሱን አይጥ በላው» ይሉኝና ወደ መዝገባቸው ይመለሳሉ። ጡረታ ወጥተው እንኳ መምጣት አልተዉም፤ የትኛው መዝገብ የት እንዳለ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከእሳቸው ጋር የተዋወቅነው ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። መደርደሪያውን አቧራ ሳራግፍ ዘወር ብለው አዩኝና «ማንበብ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ሦስተኛ ክፍል ነው ያቆምሁት አያ። ፊደል በፊደል እየቆጠርሁ ነው የማነበው።»

«እሰይ! እኔስ የሚቆጥር አይደል የምፈልገው? ነይ ቁጭ በይ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለጉዳይ ከአሮጌ መዝገብ ግልባጭ ሲፈልግ፣ አዲሱ ከተጻፈ በኋላ ያለ ማመሳከር ማህተም አይነካውም። አንዱ ከአሮጌው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በአዲሱ ላይ ይከተላል። አያ ቢሻው ብራና ሲገለበጥ እንዲህ ሲደረግ ልጅ ሆነው አይተዋል። እኔ ከአሮጌው አነባለሁ፤ እሳቸው በአዲሱ ላይ ስንደዶዋን እያስኬዱ «አለ… አለ…» ይላሉ።

«አያ፣ እነዚያ ዲግሪ ያላቸው እያሉ ምነው እኔን?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«የቸኮለ ዓይን ያልተጻፈ ያነባል። የተማረው የቃሉን ጫፍ ያይና የቀረውን ከራሱ ይጨምራል። አንቺ ከራስሽ የምትጨምሪው የለሽም።»

«ተሰደብሁ ወይስ ተመሰገንሁ?»

«ሁለቱንም፣ በአንድ ደሞዝ።»

እንዲህ ነበሩ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እያነበብሁ ሳለ አይጥ የበላችው ቦታ ደረስሁና ዘልዬ አለፍሁ። ስንደዶዋ ቆመች።

«ምነው ዘለልሽ?»

«ቀዳዳ ነው እኮ አያ።»

«ቀዳዳም ይነበባል። ‹እዚህ ቀዳዳ ነው› በይ። እኔም አዲሱ ላይ ‹ቀዳዳ ነው› ብዬ እጽፋለሁ።»

«ምን ይጠቅማል?»

«አሁን የበላችው አይጧ ናት። እኔ ገምቼ ከሞላሁት ግን የበላሁት እኔ ነኝ።»

ይህችን ቃል ያኔ እንደ ቀልድ ነው የሰማኋት።

ረዳቱ የመጣው አምና ነው። ሁለት ጎረምሶች ላፕቶፕ ይዘው መጥተው ከትጌ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቀን ዋሉና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በመስኮቱ ቀኝ ጥግ «ምን ላግዝዎ?» የሚል ጽሑፍ ተቀምጦ ይጠብቃል። ትጌ «ለእገሌ መልስ ጻፍ» ስትለው ፊደሉ እጅ ሳይነካው እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ልጄ ደስ አላት። ጣቷን ያማት ነበር፤ አሁን አርፋለች። በማረፏስ እኔም ደስ ባለኝ። ግን ሰው ሳይደክምበት የሚወርድ ጽሑፍ አላምንም።

«ከየት አምጥቶ ነው የሚጽፈው?» አልኋት።

«ተምሮ ነው እማ።»

«ማን አስተማረው?»

«ብዙ ሰው የጻፈውን ነው የተማረው።»

«የብዙ ሰው ልጅማ ሲያጠፋ ማን ይቆጣዋል?»

«እማ ደግሞ!» አለችና ሳቀች።

አያ ቢሻው ሊያዩት መጡ። ባርኔጣቸውን አላወለቁም። ስክሪኑ ፊት ቆመው «እንደምን አደርህ» አሉት፤ ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ቀጥለው «ትጌ፣ እስቲ ‹የማታውቀውን አላውቅም ትላለህ ወይ?› ብለሽ ጠይቂልኝ» አሏት። ጻፈችለት። ረዳቱ ስለ ታማኝነትና ስለ ጥንቃቄ ሙሉ ገጽ መለሰ። አያ ቢሻው በስንደዶዋ እስከ መጨረሻው ድረስ አነበቡትና ቀና አሉ።

«‹አዎ› ቢለኝ ይበቃ ነበር» ብለው ወጡ።

አሁን የማልረሳውን ቀን ልንገራችሁ። ዝናቡ እንዳባራ ነው። ካሳነሽ የምትባል ሴት ከወገራ መጣች። ከአጎቷ ልጅ ጋር በአንዲት ሸንተረር ይካሰሳሉ፤ እሷም የአባቴ ናት ትላለች፣ እሱም የአባቴ ናት ይላል። ከኛ መዝገብ የሚወጣው ግልባጭ ነው የሚዳኛቸው። እሷ ከውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እሱ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ከውጭ ግንቡን ተደግፏል። ሲተላለፉ ሰላም አልተባባሉም። እኔ ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። የትጌ አባት የሞተው አንድ ክንድ በማትሞላ የድንበር ሣር ነው። ትጌን አዝዬ አዘዞ የገባሁት ከዚያ ሸሽቼ ነው።

ቀድሞ ቢሆን እኔና አያ ቢሻው ግማሽ ቀን እናመሳክር ነበር። የዚያን ቀን ግን ኃላፊው ቸኩሏል። የካሳነሽ አባት መሬት የተመዘገበባትን ገጽ ራሱ ከመዝገብ ቤት አስመጥቶ «በስልክ አንሺና ለረዳቱ ስጪው፣ ይገልብጠው» አላት ትጌን። እኔ በሩ ላይ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። ውኃ ቀድቼ ሳልመለስ ግልባጩ አለቀ። ንጹሕ ገጽ። ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ሁሉም ተሞልቷል። ከግርጌው «ያዘጋጀው» ይልና የልጄ ስም በሙሉ፣ ከነአባቷ፣ ተጽፏል። ኃላፊው ማህተሙን ከመሳቢያ እያወጣ ነው።

ባልዲውን ጥዬ ወደ መዝገብ ቤት ሮጥሁ።

«አያ፣ ልጄን!»

«ምን ሆነች?»

«ድንበር ጻፈች። ሳይመሳከር ማህተም ሊመታ ነው።»

ሳይሮጡ መጡ፤ ሮጠው አያውቁም። ኃላፊው ሲያያቸው ፊቱ ጠቆረ። «አያ ቢሻው፣ ሰው ቆሟል እኮ!»

«ይቁም ጌታዬ። ቆሞ መጠበቅ ተኝቶ ከመቀበር ይሻላል።»

ከዚያ ከውጭ ያሉትን አስጠሩ። ካሳነሽም ቀረበች። አሮጌዋን ገጽ ለእኔ ሰጡኝ፤ እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ስንደዶዋን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። እንዲያ ሰው በተሰበሰበበት አንብቤ አላውቅም።

«በም… ምሥራቅ፣ የወን… የወንዙ ዳር።»

«አለ።»

«በምዕራብ፣ ወደ ቤተ ክርስ… ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ።»

«አለ።»

አንዱ ወንድም «ይቺን ነው ያስቀመጡልን?» ብሎ ሳቀብኝ። አያ ቢሻው ዘወር ብለውም አላዩት። «ቀጥዪ።»

«በሰሜን፣ የ… እዚህ ቀዳዳ ነው።»

ስንደዶዋ ቆመች። ስክሪኑ ላይ ቀዳዳ የለም። «በሰሜን የወንድሙ ማሳ» ይልና የካሳነሽ አጎት ስም ተጽፏል። ስሙስ እውነተኛ ስም ነው፤ ከገጿ ግርጌ ከምስክሮቹ ጋር ተጽፎ ነበር። ያ ነገር ከዚያ አንሥቶ ወደ ላይ አውጥቶ ቀዳዳውን ደፈነበት። የሚካሰሱባት ሸንተረር ያለችው በሰሜን በኩል ነው፤ በእሱ ከሆነ ለአጎትየው ልጅ ሆነች ማለት ነው።

«ትጌ፣ ይህን ስም ከየት አመጣህ በዪው።»

ልጄ ጻፈች። ወዲያው መለሰ፦ ይቅርታ፣ ትክክል ነዎት፣ ያ ቦታ አይነበብም፣ ከቀረው ጽሑፍ በመነሣት ገምቼ ነው።

«አያችሁት?» አሉ አያ ቢሻው ቀስ ብለው። «ሲይዙት ይቅርታ ለማለት ዓይኑን አላሸም። ባንይዘው ኖሮ ዝም ብሎ ነበር። ሰው እንኳ ሲዋሽ ድምፁ ይሰበራል፣ ዓይኑ ይሸሻል። ይኼ የሚያውቀውንም የገመተውንም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገረው።»

የአጎትየው ልጅ ተነሣ። «ወረቀቱ የአባቴን ስም ካወጣ ለምን ይሰረዛል? ማን ገዝቷችሁ ነው?» ወንድሞቹም ተከትለው ቆሙ። ካሳነሽ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። እኔ የማየው ልጄን ብቻ ነው። ስሟ አሁንም ስክሪኑ ላይ ነው።

አያ ቢሻው ገጿን ከእጄ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ያዟት። ብርሃኑ በቀዳዳዋ ገብቶ የሰውዬው ጋቢ ላይ፣ ደረቱ ላይ አረፈ፤ ሳንቲም የምታህል ብርሃን።

«ና፣ ጌታው። አንተ አንብብልኝ።»

ሰውዬው ቀረበ። ዓይኑን አጥብቦ አየ።

«ብርሃን ነው የሚታየኝ» አለ።

«እኔም እንዲያው።»

ግልባጩ «በሰሜን፣ ቀዳዳ ነው፣ አይነበብም» ተብሎ ወጣ። የአገሩ ሽማግሎች ድንበሩን በእግራቸው ሄደው እንዲናገሩ ተጻፈ። ጥር ላይ ካሳነሽን ከበሩ አገኘኋት፤ ለሌላ ጉዳይ መጥታ ነው። ሽማግሎቹ ተስማምተው አስታርቀዋቸዋል። ሸንተረሯ ለማን እንደሆነች አልጠየቅኋትም። በሕይወት መምጣቷ በቃኝ።

ልጄ ግን ያን ቀን አዘዞ እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ አላናገረችኝም። ስንወርድ «በሰው ፊት አዋረድሽኝ እማ። ገና ቋሚ እንኳ አልሆንሁም። ኃላፊው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ኃላፊው ለእኔ በማግስቱ ነግሮኛል፤ «አንቺ ወለልሽን ወልውዪ» ብሎኛል። ፈራሁ። ልጄ ከሥራ በእኔ ምክንያት ብትወጣስ? በዚያም በዚህም ፍርሃት ነው። ለአያ ቢሻው ብነግራቸው «ፍሪ፣ ፍርሃት ሸጋ ነው። እየፈራሽም ግን አንብቢ» አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ ታመው ቀሩ። ቁስቋም ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው ከትራሳቸው ሥር ስንደዶዋን አውጥተው ሰጡኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እንግዲህ ወደዚያች ዓርብ ልመለስ። አምስት ሰዓት ላይ ትጌ ወረቀቱን ከማተሚያው አንሥታ ስታጥፈው ደረስሁባት።

«እናንብበው።»

«እማ ጊዜ የለም! ደግሞ ከምን ጋር ልናመሳክረው ነው? አሮጌ ወረቀት የለውም።»

«አሮጌው ወረቀት ዘጠኝ ሰዓት መሬት ሊገባ ነው» አልኋትና ስንደዶዋን ከመቀነቴ አወጣሁ። እሷን ስታይ ወንበር ሳበችልኝ።

እሷ አነበበች፤ እኔ ተከተልሁ። ቋንቋው ያማረ ነው፣ ሐሰት አልናገርም። ቁስቋም መማራቸው አለ። መዝገብ ቤት መሥራታቸው አለ። ከመሃል ግን እንዲህ ይላል፦ በወጣትነት ዘመናቸው በልዩ ልዩ የሥራ መስክ ተሰማርተው አገራቸውን በቅንነት አገልግለዋል።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«እኔ አልጻፍሁትም። እሱ ነው።»

«ለእሱስ ማን ነገረው?»

«የሁሉም ሰው የሕይወት ታሪክ እንዲህ ይላል እማ» አለች።

«እሳቸው ሁሉም ሰው ናቸው?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሺ፣ ዘልዬው ልለፍ?»

«ብትዘይውም ያው ነው።»

«‹ቀዳዳ ነው› ልበል? ቀብር ላይ? ሰው ይስቅብኛል። ኃላፊው እዚያው ነው የሚቆመው።»

ምን ልበላት? እናት ነኝ፤ እንዲሳቅባት አልፈልግም። ስሟ ከውሸት ግርጌ እንዲቀመጥም አልፈልግም። «ስምሽ ያለበት አንቺ ነሽ» አልኋትና ወደ ባልዲዬ ሄድሁ። ምን እንዳደረገች አላየሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁስቋም ቅጥር ግቢ ከጽዱ ሥር ቆመናል። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨረሱ። ትጌ ወረቀቷን ዘረጋች። ስለ ቁስቋም አነበበች፤ አሮጊቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ፈለገችኝ፤ አየችኝ።

«ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት አናውቃቸውም። እሳቸው አልነገሩንም። እዚህ ቀዳዳ ነው።»

ሕዝቡ ተንሾካሸከ። «ምን አለች?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አሳለ። ልጄ ግን አላቋረጠችም፤ እስከ መጨረሻው አነበበች። መዝገብ ሲከፍቱ ባርኔጣ እንደሚያወልቁ ስታነብ ወንዶቹ አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ አየሁ።

ሰው ሲበተን አንድ ሽማግሌ በትራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ከጠዳ ነው የመጡት፤ በዘመድ በኩል ሰምተው። ትጌ ፊት ቆሙ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የእሷ» ብላ ወደ እኔ አመለከተች።

«ያችን ቀዳዳ እኔ አውቃታለሁ። አብረን ነበርን።»

ልጄ ወረቀቷን መልሳ ዘረጋች። «ይንገሩን አባባ፣ እንጻፈው።»

«እሱ ያልነገራችሁን?» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሸጋ አድርገሻል ልጄ። እንዲህ ነበረ እንዲያ ነበረ ብለሽ ብትሞይው ኖሮ፣ እዚሁ ሬሳው ፊት ቆሜ ውሸት ነው እል ነበር። ውሸት ነው ካልሁ ደግሞ እውነቱን ተናገር ልባል ነው። እሱን ይዤ ለመቀበር ምየ ነበር።» ትከሻዋን በበትራቸው ጫፍ ነካ አደረጓትና ቁልቁለቱን ወረዱ።

ያ ምን ዘመን እንደነበረ፣ ምን እንዳደረጉበት አላውቅም። ክፉ ይሁን ደግ አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።

ሰኞ ጧት ኮሪደሩን እየወለወልሁ ነበር። በትጌ ቢሮ በር በኩል ሳልፍ ስክሪኑ ይታየኛል፤ ያ ጽሑፍ ዛሬም ከጥጉ አልጠፋም፣ «ምን ላግዝዎ?» ይላል። እኔ አሁንም አላምነውም፤ ልጄም ገና ቋሚ አልሆነችም። ኃላፊው አንድ የግልባጭ ጥያቄ ጠረጴዛዋ ላይ ጥሎላት ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የወንበር ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሌላ ወንበር ከጎኗ እየጎተተች ነው።

«እማ» አለችኝ፣ «እጅሽን አድርቂና ነይ። አሮጌውን አንቺ ያዢ።»